ከቁራኛ እስከ ቼክ፦ ዕዳ፣ ዋስና ፊርማ በኢትዮጵያ

አማርኛ ታሪክን በቃላት ውስጥ ሸሽጎ የማቆየት ልማድ አለው። በሕመም ከአልጋው መነሣት የተሳነውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን፤ እግር በእግር የሚከታተሉትን ሰው ደግሞ «በዓይነ ቁራኛ» ይጠብቁታል እንላለን። ዛሬ ቃሉ ምሳሌያዊ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ዘመን ግን የሚዳሰስ ብረት ነበር። ያበደረው ገንዘብ ያልተመለሰለት ሰው ተበዳሪውን ከዳኛ ፊት ያቀርባል፤ ተበዳሪው የሚከፍለው ካጣ፣ ዋስ የሚሆነው ሰውም ካላገኘ፣ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለዕዳና ባለገንዘብ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ይህን ትዕይንት በማስታወሻቸው ጽፈውታል፤ በፎቶግራፍም አንሥተውታል።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ዕዳና ስለ ውል ነው። የተለመደውን የፖለቲካ ትንታኔ የጠበቀ ሰው «ምን ነካው?» ይል ይሆናል። እንደ እኔ እምነት ግን ዜጋ መንግሥቱን በእርግጥ የሚያውቀው ቤት ሲገዛ፣ ገንዘብ ሲያበድር፣ ለወዳጁ ዋስ ሲሆንና ቼክ ሲፈርም ነው። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል፤ ውል ግን በየቀኑ ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚታየው ሰልፍ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ስለ ቤት፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትና ወይም ስለ ሽርክና የሚሟገት ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ሰልፍ እንዴት እንደ ተፈጠረ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።)

በቃልና በዋስ የኖረ ዘመን

ቁራኛን በዛሬ ዓይን ለሚመለከተው ሰው የጭካኔ ሥርዓት ነው። ጭካኔነቱን አልክድም። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ የሚያስገርም ሚዛን ነበረው። መንግሥት በየአውራጃው ወህኒ ቤትና ጠባቂ ሊያቆም በማይችልበት በዚያ ዘመን፣ ባለዕዳውን ለማሰር የፈለገ ባለገንዘብ ራሱንም አብሮ ማሳሰር ነበረበት። የእስራቱን ድካም ሁለቱ ይካፈሉታል። እርሻው የሚጠብቀው፣ ንግዱ የሚቀርበት አበዳሪ ለዕርቅ የማይቸኩልበት ምክንያት አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከቁራኛ የሚያድነው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ዋስ ነው። በጥንቱ ሙግታችን ያለ ዋስ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲሟገቱ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ለውርርዳቸውም ዋስ ይጠራሉ። ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው በመንገድ ሲያልፍ የተገኘ መንገደኛ ሊሆን ይችል ነበር። የነገሩ ማሰሪያ ፊርማና ማኅተም አይደለም፤ የቆመው ምስክር፣ የተጠራው ዋስና የተሰጠው ቃል ነው። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ዓለም ነው። በጽሑፍ የተያዘው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና ብዙ ይናገር ነበር፤ ዳሩ ግን በግእዝ የተጻፈ፣ በሊቃውንት እጅ የሚገኝ፣ ገበያተኛው በስሙ እንጂ በይዘቱ የማያውቀው መጽሐፍ ነበር። ሕጉ ከፍ ብሎ በመጽሐፍ፣ ልማዱ ዝቅ ብሎ በገበያ የሚኖሩበት ሥርዓት ዛሬ የጀመረ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ሰዎች በሚተዋወቁበት መንደር ነው። ዋሱ የጎረቤት ልጅ፣ ምስክሩ የአጥቢያው ሽማግሌ በሆነበት ስፍራ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው መግቢያ ያጣል። ከተማ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በየካቲት 1898 የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1900 ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ አፈ ንጉሥ ነሲቡም የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ቦታ በግል ይዞታ የሚተላለፍበት ደንብ ወጣ። እንዲሁ በ1900 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የፈረንሳይ ዜጎችን ጉዳይ ለቆንስላቸው ዳኝነት ክፍት አደረገ፤ የሌሎች አገሮች ዜጎችም በዚሁ መብት ተጠቀሙ። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ከውጭ አገር ነጋዴ ጋር ቢካሰስ በገዛ አገሩ ሁለት ዓይነት ሕግ ይገጥመው ነበር። በ1925 የወጡት የማኅበራትና የኪሳራ ሕጎች ይህን ክፍተት ለመድፈን የተደረጉ ቀደምት ሙከራዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ወረራው መጣና ሁሉንም አቋረጠው።

3,367 አንቀጾች

ከነጻነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 የሕግ ማርቀቂያ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ የስዊስ ተወላጁ ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ፣ የንግዱን ሕግ በመጀመሪያ ዣን ኤስካራ፣ እርሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ አረቀቁት። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949 ወጣ። የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕጎች ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ታውጀው መስከረም 1 ቀን 1953 በሥራ ላይ ዋሉ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ በመሆኑ፣ ዛሬም ዳኞቻችን የሦስት ቋንቋ ቅጂ እያነጻጸሩ የሚቸገሩባቸው ስፍራዎች አሉ።

የረኔ ዳቪድ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ኢትዮጵያ በፍጥነት መዘመን ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ልማዳዊው ሕግ በዘመናት ብዛት ቀስ እያለ እስኪበስል መጠበቅ አትችልም የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ አንቀጽ 3347 ሕጉ የሚመለከታቸውን ጉዳዮች በሚመለከት የነበሩትን የጽሑፍና የልማድ ደንቦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሻራቸው። የብዙ መቶ ዓመታት «ዋስ ጥራ» በአንድ የነጋሪት ጋዜጣ ተዘጋ።

ሕጉ ክፉ ሕግ ነው አልልም። እንዲያውም በብዙ ረገድ የተዋጣለት ሥራ ነው። የመሠረቱ ችግር ሕጉ የተደገፈባቸው ምሰሶዎች ሳይቆሙ ጣሪያው መውጣቱ ነበር። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሕጉ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገቦች በዝርዝር ደነገገና በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ መዝገቦቹ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ እንዲቆዩ አደረገ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ሕጉ መዝገብ ይኑር ካለ 56 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ጽሑፍን የሁሉ ነገር መሠረት ያደረገ ሕግ፣ ጽሑፉን የሚይዝለት መዝገብ ቤት ሳይኖረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በስተቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። በ1952 500 ብር ወደ 200 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሕግ አውጪው ያሰበው «ታላቅ ብድር በጽሑፍ፣ ታናሽ ብድር በምስክር» ይሁን ብሎ ነው፤ ተገቢም ነበር። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን 500 ብር አምስት የአሜሪካ ዶላር እንኳ አይሞላም። አንቀጹ ባለበት ስለቆመ፣ ዛሬ ለጎረቤቱ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ የሚያበድር ሰው ሁሉ በሕግ ዓይን ውል መጻፍ የነበረበት ሰው ሆኗል። «ሦስት ሰው እያየ ነው የሰጠሁት» ብሎ የሚመጣ ከሳሽ ምስክሮቹን ይዞ ይመለሳል። አንድም ቃል ሳይቀየር፣ የዋጋ ንረት ብቻውን ሕጉን ለወጠው።

ቤቱ የማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የቤት ጉዳይ ነው። በ1967 ወታደራዊው መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ቤት ይሸጣል፤ ቤቱ የቆመበት ቦታ ግን አይሸጥም። በዚህ ስንጥቅ መካከል ትልቅ የስውር ገበያ ተፈጠረ። ቦታ የሚሸጥ ሰው ቤት ሸጥኩ ይላል። ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተከለከለ የጋራ መኖሪያ ቤት የያዘ ሰው ብድር ተበደርኩ ብሎ ይፈርምና ለ«አበዳሪው» ውክልና ይሰጣል። ወረቀቱ ሌላ፣ እውነቱ ሌላ ይሆናል።

ሕጉ ራሱ በዚህ ረገድ ሁለት አንደበት ነበረው። አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል፤ በጽሑፍ መሆኑን ብቻ ይጠይቃል። አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ታዲያ በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ፣ ያልተመዘገበ የመንደር ውል ይጸናል ወይስ አይጸናም? ምዝገባው የሚያስፈልገው ከሦስተኛ ወገን ጋር ላለው ክርክር ብቻ ነው የሚሉ ዳኞችና ምሁራን ነበሩ። የለም፣ ያለ ምዝገባ ውል የለም የሚሉም ነበሩ።

በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 ችሎቱ በዚሁ ክርክር ላይ ወሰነ። ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሻጭና በገዢ መካከልም ቢሆን አይጸናም፤ እንደ ረቂቅ ይቆጠራል አለ። ውሳኔው የሕጉን ቃል የተከተለ ነው። ውጤቱን ግን ልብ በሉ። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ሻጭ ቤቱን፣ ገዢ ገንዘቡን ይወስዳሉ። ቤቱን ከገዛ ብዙ ዓመት የኖረበት ሰው በዚያን ጊዜ የከፈለው ገንዘብ ተቆጥሮ ሲመለስለት፣ ያ ገንዘብ ዛሬ የቤቱን በር አይገዛም! የቤት ዋጋ እንደ ሰማይ በሚወጣበት ከተማ፣ ውሉ አልተመዘገበም ብሎ የመካድ ፈተና ለሻጭ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ቆየት ብሎ ችሎቱ ሻጩ ሽያጩን ባልካደባቸው ጉዳዮች አቋሙን ማላላቱ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መላላት የሚጠቅመው እውነት የሚናገር ሻጭ ለገጠመው ገዢ ነው፤ የሚክድ ሻጭ የገጠመው ሰው ያው በመንገድ ላይ ነው።

ፍርዱን ብቻ መኮነን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ዜጋው ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ የማይሄደው ሁልጊዜ ሕግ ስለማያውቅ አይደለም። ካርታ የለውም፤ ወይም ካርታው በሟች አባቱ ስም ነው፤ ወይም የሚጠየቀው ክፍያ አስፈርቶታል፤ ወይም ቦታው የሚሸጥ አይደለም። መንግሥት ምዝገባን የውል ነፍስ ካደረገ፣ የምዝገባን በር መክፈት የራሱ ግዴታ ይሆናል።

አዲሱ ቁራኛ

አሁን አደራ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። የአገራችን ነጋዴ ብድር ሲወስድ ወይም ዕቃ በዱቤ ሲያነሣ አበዳሪው «ለመተማመኛ» ብሎ ቼክ ይቀበለዋል። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ፣ አንዳንዴም መጠኑ ባዶ የሆነ ቼክ። ሁለቱም በባንክ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ። ቼክ በሕግ ሲቀርብ የሚከፈል የክፍያ ትእዛዝ ነው፤ መያዣ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለውን ቼክ እያወቀ ያወጣ ሰው በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አበዳሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ዕዳው በተቆረጠለት ቀን ካልተከፈለ የፍትሐ ብሔር ክስ መሥርቶ ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ ቼኩን ይዞ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ሕገ መንግሥታችንም የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። አውቆ የሚያታልል ሰው ይቀጣ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ገንዘብ እንደሌለው እየነገረ፣ አበዳሪውም እያወቀ የተቀበለው ቼክ ወዴት ያለው ማታለል ነው? እዚህ ላይ የድሮውን ቁራኛ አስታውሱልኝ። ያኔ አበዳሪ ለማሰር ራሱ ይታሰር ነበር። ዛሬ አበዳሪው በመኝታው ያድራል፤ ወጪውን ግብር ከፋዩ፣ እስሩን ተበዳሪው ብቻቸውን ይሸከማሉ። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ የአንደኛው ጫፍ ብቻ ተፈታ። ነጋዴው ወህኒ ሲገባ ሱቁ ይዘጋል፤ ሱቁ ሲዘጋ ዕዳው የሚከፈልበት ምንጭ ይደርቃል። አበዳሪውም ቢሆን ከዚህ የሚያተርፈው በቀል ብቻ ነው።

ዋስስ? ዋስ ዛሬም አለ። ለባንክ ብድር፣ ለሥራ ቅጥር፣ ለወዳጅ ዱቤ ዋስ እንሆናለን። የድሮው ዋስ ክብሩን ያሲዝ ነበር፤ የዛሬው ዋስ ደመወዙንና ቤቱን ያሲዛል። ሕጉ ለዋስ የሰጠውን ጥበቃ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መደረግ እንዳለበት፣ የሚበዛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበትም የማይጸና መሆኑን ይናገራል። «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚለው በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈረም ወረቀት በዚህ አንቀጽ ፊት ሲቆም ይንቀጠቀጣል። በሌላ በኩል ደግሞ «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሲጨመሩ ዋሱ ከዋናው ባለዕዳ እኩል ይሆናል፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። ሁለት ቃል ያላነበበ ሰው ቤቱን በሐራጅ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ምን እንላለን?

በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ። የአንድ ሰው ኩባንያን ፈቀደ፤ የነጋዴዎችንና የማኅበራትን፣ የኪሳራንም ሕግ አደሰ። ስለ ቼክና ስለ ሌሎች የሚተላለፉ ሰነዶች የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል ግን ባለበት ቀረ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ሕግ አገኙ፤ ሱቅ በደረቴውና ቤት ሸማቹ ግን ዛሬም በአያቶቹ ዘመን በተቆረጠ ልክ ይለካሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የ500 ብሩ ወሰን ከዘመኑ የገንዘብ አቅም ጋር ይስተካከል። ለመያዣነት መሰጠቱ በማስረጃ የተረጋገጠ ቼክ ከወንጀል ወጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይሂድ። ምዝገባ ግዴታ በሆነበት ሁሉ ምዝገባው ለድኻው የሚደርስ ይሁን። ሕጉ በየትምህርት ቤቱና በየሬዲዮው በሚገባ አማርኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይነገር።

መንግሥት እስኪሰማ ደግሞ እኛው ለራሳችን እንጠንቀቅ። ቤት ስትገዙ ካርታውን ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር አመሳክሩ፤ የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ይኑርበት፤ የቤተሰብ ሕጉ ይጠይቃልና። ስታበድሩ ጻፉ፤ ስትከፍሉም ደረሰኝ ተቀበሉ። ዋስ ስትሆኑ መጠኑን በአኃዝና በፊደል አስገቡ። ባዶ ቼክ አትፈርሙ። ለወንድም ውል ማስፈረም አለመተማመን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ወንድማማቾችን በየችሎቱ ያቆማቸው ግን ያልተጻፈው ነገር ነው። አባቶቻችን ለገዛ ወንድማቸው ነገር እንኳ ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ማንም አልተቀየመም። ወረቀቱ የዛሬ ዋሳችን ነው።

ቸር እንሰንብት።